ስንቅ ለምትቆጥሩ፦ ከአዘዞ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለስንቅና ትጥቅ ዕቅድ አውጪዎች፣ ለመጋዘንና ለስምሪት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር ለምትማሩ ልጆቻችን፤

ጤና ይስጥልኝ።

አዘዞ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመጋዘንና በስምሪት ሥራ ነው። መጀመሪያ ወታደር ቤት ነበርኩ፣ በኋላ በሲቪል ሠራሁ። ሞዴል 19 ሞልቼ ንብረት ተቀብያለሁ። ሞዴል 22 ቆርጬ ንብረት አውጥቻለሁ። ቆጠራ ሲመጣ እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ። ጉድለት የተገኘበት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። ለሠራዊት የስንቅ፣ የውሃ፣ የናፍጣና የመኪና ዕቅድ ሲወጣ የዕቅድ ሶፍትዌር ይግባበት። ሲገባ ግን ከመጋዘኑ በር ይጀምር። ከመጋዘን ኃላፊው፣ ከሾፌሩና ከወጥ ቤቱ ይጀምር። ከትልቁ ቢሮ ጀምሮ ወደ እኛ ሊወርድ ሲሞክር ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከተማችን የጦር ጓዝ ሲመጣና ሲሄድ ብዙ አይታለች። ጦርነት እንዲበዛ የሚመኝ ሰው አይደለሁም። ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ። ግን የተሰለፈ ልጅ የእናት ልጅ ነው፣ መብላት አለበት። ውሃ መጠጣት አለበት። ቢቆስል መኪናው ናፍጣ ሊኖረው ይገባል። እኔ የምናገረው ስለዚህ ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ሐምሌ ነው። ያኔ የነበርኩበትን ክፍል ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የአንድ ሰውም አልነበረም። ወደ ቆላ የወረዱ ልጆች ዱቄትና ዘይት ይጠብቃሉ። 4 ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ተመድቦላቸዋል። የስምሪት ዕቅዱ ከበላይ ቢሮ በኤክሴል ተሠርቶ፣ ታትሞ መጣ። «የጭነት ሰዓት» በሚለው ሥር «8:00» ይላል። ጫኝና አውራጆቹ በስልክ «ጠዋት 2 ሰዓት» ስለተባሉ በሰዓታቸው ተገኙ። ጆንያ ራሳቸው ላይ ደፍተው ዝናብ ላይ ቆሙ። መኪና የለም። 3 ሰዓት ሆነ። 4 ሰዓት ሆነ። የሾፌሮቹ ስልክ አይነሳም። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን አራቱም መኪኖች ተከታትለው መጥተው በሩ ላይ ጥሩምባ ነፉ።

የፊተኛውን መኪና የሚነዱት ሽማግሌ ከጋቢናው ሳይወርዱ ወረቀቱን በመስኮት አወጡ። «ይኸው፣ 8 ሰዓት ነው የሚለው። እንዲያውም ቀድመን ነው የመጣነው» አሉ። ጸሐፊው ልጅ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ 8 ነው» አላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰዓት ነው» አሉት።

ጭነቱ ሲያልቅ ለ11 ሰዓት ትንሽ ቀርቶት ነበር። አይከል ሲደርሱ መሸባቸው። በሌሊት እንዳይነዳ ትእዛዝ ስለነበር እዚያው አደሩ። ታች ቆላ ያሉት ልጆች ያን ሌሊት ኮቾሮ የሚባለውን ደረቅ ብስኩት ውሃ ውስጥ እየነከሩ በልተው ተኙ። ወጥ ቤት ይሠራ የነበረ ልጅ በኋላ ከተማ ውስጥ አገኘኝ። «እኛ እኮ ምጣዱን አሙቀን ነበር» አለኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ልብ በሉ። ማንም አልሰረቀም። ማንም አልሰነፈም። ጫኞቹ በሰዓታቸው መጡ፣ ሾፌሮቹም በሰዓታቸው መጡ። 6 ሰዓት የበላው በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ኮምፒውተር ያመጣው ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ያ ኤክሴል በማሽን የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነበር። የጻፉበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል። የዕቅድ ሶፍትዌር ሥራው ሌላ ነው። መኪናው፣ ጫኙ፣ ዱቄቱና መንገዱ በውስጡ የተያያዙ ናቸው። «ጫኞቹ በ2 ሰዓት ይመጣሉ፣ መኪናው ግን በ8 ሰዓት ነው የሚመጣው» ብሎ ከዋዜማው ይነግራችኋል። «በዚህ ሰዓት ከተነሳ ሳይመሽ አይደርስም» ይላችኋል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ጉድለቱ ልጆቹ ምጣድ ካሞቁ በኋላ ከሚታይ፣ ከሦስት ቀን በፊት ጠረጴዛ ላይ ይታይ።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ስንቅ ማለት ዱቄት ቆጥሮ መላክ አይደል እንዴ? ለዚህ ምን ሶፍትዌር ያስፈልገዋል?» ይላሉ። እስቲ አብረን እናስላው። 1,000 ሰው አለ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ያዙ። በቀን 5 ኩንታል ነው። ቀላል ነው። አሁን ውሃ ጨምሩ። ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ያነድዳል። ለመጠጥና ለወጥ ቤት በሰው 10 ሊትር እንያዝ። በቀን 10,000 ሊትር ሆነ። ክብደቱ 100 ኩንታል ማለት ነው። ውሃው የዱቄቱን 20 እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የዱቄት መኪና መሆኑ ቀረ፣ የውሃ ቦቴ ሆነ። ቦቴው ናፍጣ ይጠጣል። ናፍጣውን የሚያመጣው ቦቴም ራሱ ናፍጣ ይጠጣል። አንዱ ቦቴ ጎማ ቢፈነዳበት፣ ወይም ጉድጓዱ ቢደርቅ፣ ሁሉም ቁጥር ከሥሩ ይለወጣል።

ውሃ ምን እንደሚያደርግ የኛ ሰው ድሮም ያውቃል። ጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የገባውን የጣሊያን ጦር ያስለቀቀው ምንጩ መያዙ ነው። ያንን ምክር ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የስንቅ ዕቅድ አዋቂ ማለት እኚህ ናቸው።

እኛ በዘመናችን ዕቅድ የምንሠራው በካልኩሌተርና በእርሳስ ነበር። አንድ ሙሉ ዕቅድ ለመጨረስ ሁለት ጸሐፊ ሌሊቱን ይፈጃል። ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ «ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው» ቢል ያ ሁሉ ሥራ ገደል ገባ። እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለም። ታዲያ ምን ይደረጋል? በግምት ይጨመራል፣ በግምት ይቀነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ሶፍትዌር እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ድልድዩን «ዝግ» ትሉታላችሁ። በደቂቃዎች ውስጥ ሌላውን መንገድ፣ የሚጨምረውን ናፍጣና የሚጎድለውን መኪና ያሳያችኋል። «ቦቴው በሁለት ቀን ቢዘገይስ?» ትሉታላችሁ። ይመልስላችኋል። አሥር ጊዜ ብትጠይቁት አይደክመውም። ደክሞት ያደረ ጸሐፊን አሥር ጊዜ መጠየቅ አይቻልም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

በዓለም ላይም ይህ የታየ ነው። አሜሪካኖች በ1991 እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ «ዳርት» የሚባል የዕቅድ ሶፍትዌር ነበራቸው። እስከ 50,000 የሚደርስ ተሽከርካሪ፣ ዕቃና ሰው በአንድ ጊዜ እያቀናጀ የማጓጓዣ ዕቅድ ያወጣ ነበር። ሳምንታት ይወስድ የነበረውን ሥራ በሰዓታት አወረደው። ምርምሩን በገንዘብ የደገፈው «ዳርፓ» የተባለው የመከላከያቸው ተቋም፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላይ ለ30 ዓመት ያወጣሁትን ይህ አንድ ሥራ ብቻውን መለሰልኝ ብሏል።

ግን የዚያው ጦርነት ሌላ ወሬም አለው። ከ40,000 በላይ ኮንቴይነር ወደ በረሃው ተላከ። ከግማሽ በላዩ ውስጡ ምን እንዳለ ስላልታወቀ ወደቡ ላይ እየተከፈተ መታየት ነበረበት። አስቡት። ማጓጓዙን የሚያቀናጅ እንደዚያ ያለ ሶፍትዌር ያለው ጦር፣ ሣጥኑ ውስጥ ጫማ ይኑር መለዋወጫ ይኑር አያውቅም። ያዘዘው ዕቃ ያልደረሰው ክፍል ደግሞ «ጠፋብኝ» ብሎ ድጋሚ ያዛል። ክምሩ ተራራ አከለ። እኔ ይህን ስሰማ ወዲያው የመጣብኝ የኛው መጋዘን ነው። ካርዱ ላይ 200 ጆንያ ይላል። ጆንያው የ50 ኪሎ ነው የ100 ኪሎ? ካርዱ አይናገርም። የ50 ኪሎውን ኩንታል ብሎ የመዘገበ ሰው የ1,000 ሰው ቀለብ በግማሽ ቆረጠ ማለት ነው። ይህ በዓይኔ ያየሁት ስህተት ነው። የትኛውም ሶፍትዌር ከዚህ አያድንም፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚመዝን ታማኝ ሰው ከሌለ።

ከመጋዘኑ በር ይጀመር ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ወጥ ቤቱም አንድ ታሪክ አለኝ፣ በጣም የምወደው። ጆርጅ ዳንዚግ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ነበር። ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠራ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. ያለችን ሀብት እንዴት ብናከፋፍላት ይበጃል የሚለውን የሚፈታ የስሌት ዘዴ አወጣ። ዛሬ የጭነት መኪና የሚመድቡ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ይኸው ዘዴና ልጆቹ ናቸው። የዘዴው ስም «ሊኒየር ፕሮግራሚንግ» ነው፣ ውስጡ «ፕሮግራም» የሚለው ቃል አለ። ያኔ በወታደሩ አነጋገር ፕሮግራም ማለት የሥልጠና፣ የስንቅና የስምሪት ዕቅድ ነበር እንጂ ኮምፒውተር ውስጥ የሚጻፈው አልነበረም። ስለዚህ ይህ ሒሳብ ሲወለድም የኛ የስንቅ ሠራተኞች ዘመድ ነው።

ዘዴው መጀመሪያ ከተፈተነባቸው ጥያቄዎች አንዱ ሰውን በትንሽ ወጪ በቂ ምግብ ማብላት ነው። 77 ዓይነት ምግብ ነበረው። በእጅ ማስሊያ ማሽን 9 ጸሐፊዎች ተቀምጠው ሠሩት፣ ድካማቸው ሲደመር የ120 የሰው ቀን ሥራ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ዳንዚግ ክብደት ሊቀንስ ፈለገ። ሐኪም አዞት ነው። ምን ልብላ ብሎ ኮምፒውተሩን በዚሁ ዘዴ ጠየቀው። ኮምፒውተሩ መለሰ፦ በቀን 500 ጋሎን ኮምጣጤ ጠጣ። ወደ 1,900 ሊትር ማለት ነው። ለምን ብትሉ፣ ኮምጣጤ በጋሎን እንደማይጠጣ ማንም አልነገረውም። ኮምጣጤውን ሰረዙት። አሁን ደግሞ በቀን 200 የመረቅ ኩብ ብላ አለው። ለእሱም ገደብ አበጁለት። እንዲህ እያሉ ሰው የሚበላው ወደ ሆነ ነገር አቀረቡት።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን በትክክል ሠራ። ያልተነገረውን ግን አያውቅም። አሁን ይህን ወደ እኛ አምጡት። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሆኑ ያውቃል? ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን፣ ያኔ ሥጋና ቅቤ ቢላክ ብዙው ልጅ እንደማይነካው፣ ሽሮና ዘይት ግን በእጥፍ እንደሚያልቅ ያውቃል? ረመዳን ሲገባ ምግብ የሚቀርብበት ሰዓት ሁሉ እንደሚዞር ያውቃል? ጳጉሜን የምትባል ወር እንዳለችንስ? የወር ቀለብ በ12 የሚያካፍል ፕሮግራም ጳጉሜን ላይ የሰው ቀለብ ይረሳል። ቀኑ 5 ወይም 6 ብቻ ነው ትሉኝ ይሆናል። 5 ቀን ያልበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አለ። የወጥ ቤት ኃላፊው ነው። ሶፍትዌሩ ሲሠራ ጠረጴዛው ዙሪያ ለእሱም ወንበር ይሳብለት። ሰዓቱም የኛ ሰዓት ይሁን፣ ወይም ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳይ፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ በፊደል ይጻፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

መንገዱንም እንዲሁ። ካርታ ላይ ኪሎ ሜትር ይለካል። ሾፌር የሚለካው በሰዓት ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ እዚሁ አዘዞ ላይ ይገነጠላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጭኖ ሲወርድ ፍሬን ይበላል፣ ባዶውን ሲወጣም ናፍጣ ይበላል። አስፋልቱ ደህና ነው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ውስጥ የገባችሁ እንደሆነ ግን ነሐሴ ላይ ያ ጥቁር ዋልካ ጎማ ይዞ አይለቅም። ጥር ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ነሐሴ ላይ ቀን ይፈጃል። ወደ ሰሜን ሂዱ። ደባርቅን አልፋችሁ በድሮው መንገድ ሊማሊሞ ላይ ስትጠማዘዙ ተሳቢ የያዘ መኪና ምን እንደሚሆን በዚያ ያለፈ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ መያዝ ይችላል፣ ለእያንዳንዱ መንገድ የበጋና የክረምት ፍጥነት ከተጻፈለት። ያንን የሚጽፈው ግን ጭቃው ውስጥ ያደረ ሰው ነው።

ስንቅና መንገድ የጦርን ዕድል እንደሚወስኑ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ መጨረሻ የተሸነፈው እዚሁ ነው። ወልቀፊት ላይ የነበረው ጦሩ ስንቅ አልቆበት መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ወደቀ። ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18። መንገዱ የተዘጋበት ጦር ጀግና ቢሆንም ቀኑ የተቆጠረ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ስሄድ የቋራው ልጅ ትዝ ይሉኛል። አፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። መንገዱን እየቆፈሩ፣ ገደሉን እየናዱ። ስድስት ወር ያህል። በሌላ ወገን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። 13,000 ወታደር ይዞ 26,000 ጓዝ ተከታይና ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ አሰልፎ ነበር። ከሕንድ 44 ዝሆን በመርከብ አምጥቷል። ከባሕሩ ዳር ሐዲድ ዘርግቶ ባቡር አስኬደ። ከሁለቱ በወኔ ማን ይበልጥ እንደነበር እናውቃለን። ናፒየር ግን ስንት በቅሎ ስንት ቀን እንደሚጓዝ፣ ስንት ውሃ እንደምትጠጣ ቆጥሮ ነበር የመጣው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አሁን የምፈራውን ልናገር። የስንቅ ዕቅድ ምስጢር ነው። ናፍጣው ወዴት እንደሚሄድ ያወቀ ጦሩ ወዴት እንደሚሄድ አወቀ። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ «ስትራቫ» የተባለው የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ ባወጣው ካርታ ላይ በረሃ ውስጥ ያሉ የወታደር ሰፈሮች ቅርጻቸው ሳይቀር ታየ። ሰላይ አልነበረም። ወታደሮቹ ስፖርት ሲሠሩ ስልካቸው ዱካቸውን ይመዘግብ ነበር፣ በቃ። ስለዚህ ይህ ሶፍትዌር ማን ምን ማየት እንደሚችል በቅጡ የተከፋፈለ ይሁን። የመጋዘን ኃላፊው የራሱን መጋዘን ይይ። ሾፌሩ የራሱን ጉዞ ይይ። መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተርም አገር ውስጥ፣ በራሳችን ሰው እጅ ይሁን።

ሁለተኛው ፍርሃቴ መብራትና ኔትወርክ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቆም ሶፍትዌር ለእኛ አይሆንም። ባለበት ሆኖ ይሥራ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይላክ። ወረቀቱም አይጣል። «ማርስክ» የሚባለው ትልቅ የመርከብ ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ቫይረስ ተመትቶ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። የኔትወርኩን ዋና መዝገብ ከየአገሩ ቢሮ ቢፈልጉ ሁሉም ጠፍቷል። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ ጋና ያለው። ቫይረሱ በገባ ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር! ከመብራት መጥፋት የተገኘ በረከት ነው፣ ግን በእሱ ላይ ዕቅድ አይሠራም። ሞዴል 19ና 22 በካርቦን ተጽፈው መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። በየሳምንቱም ከሶፍትዌሩ ጋር ይመሳከሩ።

«አገራችን ለዚህ ገና ናት» የሚለኝን ሰው አልቀበልም። ጤና ተቋሞቻችን ውስጥ «ዳጉ» የሚባል የመድኃኒት ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከገባ ቆይቷል። ስሙ እንኳ ከአፋር ወንድሞቻችን የወሬ መለዋወጫ ባህል የተወሰደ ነው። የትኛው መድኃኒት ስንት ቀረ፣ መቼ ጊዜው ያልፍበታል፣ መቼ ይታዘዝ የሚለውን ይይዛል። መድኃኒት ላይ የሠራ ነገር ዱቄትና ናፍጣ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞም ይህ መሣሪያ ለጦር ብቻ አይቀርም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ስንት ሰው እንደገባ አይተናል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት ሽማግሌ። ያኔም ጥያቄው ያው ነበር። ስንት ሰው? ስንት ውሃ? ስንት መኪና? በየትኛው መንገድ? ለሠራዊት የተሠራ የዕቅድ ሶፍትዌር ለዚህ ቀን በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። የሰለጠነው ሰውም ያው ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ሆይ፣ ልመናዬ ይኸው ነው። ሁሉን አድርጋለሁ የሚል ትልቅና ውድ ሶፍትዌር ገዝታችሁ አንድ ቀን በመላው ሠራዊት ላይ አታውርዱት። አንድ መጋዘን ያዙ። አንድ መንገድ ያዙ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሞክሩት። ከተገመተው ሰዓትና ከተገመተው ናፍጣ ጋር እውነተኛውን እያስተያያችሁ አርሙት። የመጋዘን ኃላፊው ጉድለት ሲያገኝ ሳይፈራ እንዲመዘግብ አድርጉ። እውነት የጻፈ ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ማሽኑ የሚወደውን ቁጥር ነው የሚያስገባው። ይህን በካርድ ዘመንም አይቼዋለሁ። ቆጠራ ሊመጣ ሲል ቁጥሩ ሁሉ ድንገት ልክ ይሆናል።

ልጆቼ፣ እናንተ ኮምፒውተር የምትማሩት፣ የመመረቂያ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተቱ እሰማለሁ። የሆቴል መመዝገቢያ፣ የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ እየተባለ በየዓመቱ ይሠራል። እስቲ የኛን ሰዓትና የኛን ወር የሚያውቅ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ከዱቄት ጋር ውሃውንና ናፍጣውን አብሮ የሚቆጥር አንድ ትንሽ የጉዞ ማቀጃ ሥሩ። ካርታው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» ላይ በነፃ አለ። የዳንዚግን ሒሳብ የሚያሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮችም አሉ። የወታደር ምስጢር አያስፈልጋችሁም። በእህል ነጋዴ መኪና መጀመር ትችላላችሁ።

የጎደላችሁ የመንገዱ ነገር ከሆነ እኔ ጋ አለ። ሦስት ደብተር አለኝ። ሽፋናቸው ተገንጥሏል፣ ሁለተኛው ላይ ዘይት ፈስሶበታል፣ ግን ይነበባል። በየጉዞው መኪና የተነሳበትን ሰዓት፣ የደረሰበትን ሰዓት፣ የጫነውን ኩንታል፣ የጠጣውን ናፍጣና የቆመበትን ምክንያት ጽፌበታለሁ። አንዱን መስመር እነሆ፦ «ነሐሴ 14፣ ኦራል፣ 50 ኩንታል፣ ከአስፋልት መገንጠያ እስከ ሰፈር 7 ሰዓት ተኩል፣ ዋልካ፣ ሁለቴ ተጎተተ።» ከሥሩ ደግሞ የጥር ወሩ አለ፦ «ያው መንገድ፣ ያው ጭነት፣ 1 ሰዓት ከ10።»

ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። እኔ አነብባለሁ፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። ሽማግሌው ሾፌርም በሕይወት አሉ፣ እጠራቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የመጋዘንና የስምሪት ሠራተኛ
አዘዞ፣ ጎንደር